ምክንያቱ ስላልታወቀ ሙቀት

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ችኮላ አለበት። አንደኛው ለማመን መቸኮል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለመካድ መቸኮል ነው። ፊተኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ይገሥጸዋል፤ ተረትና ምሳሌም ይነቅፈዋል። ኋለኛው ግን የዐዋቂነት ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ እንደ ጥበብ ይቆጠራል። እኔም ይህን ልብስ ለብሼ አንድ ልጅ በድያለሁ። ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ስለ ሁለቱ ችኮላዎች የማስበውን ልጽፍላችሁ ስነሣ፥ ከሩቅ አገር ሊቃውንት ታሪክ ጋራ የራሴንም ጥፋት አብሬ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው በታች ጋይንት በአርብ ገበያ፥ በ1979 ዓ.ም.፥ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ ነው። በዚያ ዓመት የጥቅምት ዝናብ ያለ ጊዜው ወርዶ የታጨደውን ሣር ሳይደርቅ አገኘው። ገበሬው ግን ለበጋ የከብት ቀለብ ያስፈልገው ስለ ነበር እርጥቡንም ደረቁንም ባንድነት ከመረው። በኅዳር ወር አንድ ቀን ጧት አባቱ የሞተበት አንድ ተማሪዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ፥ «ጋሼ፥ በእናቴና በአጎቴ ድርቆሽ ክምር ውስጥ እጄን ባስገባ አቃጠለኝ፤ ሰይጣን እሳት ሳያስቀምጥበት አልቀረም» አለኝ።

እኔም በክፍሉ ልጆች ፊት፥ «ክብሪት ሳይጫርበት የሚነድ ሣር ከየት አገኘህ? ሰይጣንስ ድርቆሽ መጠበቅ የጀመረው መቼ ነው?» ብዬ አላገጥሁበት። ልጆቹ ሳቁ። እርሱ ግን ሳይቀመጥ፥ «ቤታችን ቅርብ ነው፤ መጥተው ይንኩት» አለኝ። እንዳለውም ከትምህርት ቤቱ እስከ ክምሩ ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር። እኔ ግን አልሄድሁም፤ ይልቁንም ለመምህር ቃል መልስ ሰጥተሃል ብዬ ደወል እስኪደወል ድረስ አንበረከክሁት።

በአራተኛው ቀን ሌሊት ክምሩ ነደደ። ሰዉ እሳቱን ካጠፋ በኋላ፥ ማን ለኮሰው እያለ መጠያየቅ ጀመረ። ልጁ አስቀድሞ ስለ እሳት መናገሩን፥ እኔም እንደ ሳቅሁበት የክፍሉ ልጆች ሁሉ በየቤታቸው አውርተው ነበርና፥ «መምህሩ ስላላመነው ቃሉ እውነት እንዲሆንለት ብሎ ራሱ ለኮሰው» ተባለ። አጎቱ ገረፈው። እናቱም በዚያ በጋ የምታበላው ስላጣች አንዱን በሬዋን ሸጠች። ልጁ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ እርሻ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሳነብ የነገሩን ምክንያት አገኘሁት። ያልደረቀ ሣር በብዛት ሲከመር በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን እየተመገቡት ይባዛሉ፤ ሲባዙም ሙቀት ያወጣሉ። ክምሩ ትልቅ ሲሆን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ግለቱ እየበረታ ሲሄድ ተሕዋስያኑ ራሳቸው ይሞታሉ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ሣሩ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋራ እየተዋሐደ የባሰ ይግላል፤ በመጨረሻም በቂ አየር ሲያገኝ ይነዳል። ለዚህ ሁሉ ክብሪት አያስፈልግም፤ ሰይጣንም አያስፈልግም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጁ የተናገረው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በክምሩ ውስጥ ሙቀት አለ የሚል ነው፤ ይህ እውነት ነበር። ሁለተኛው ያሞቀው ሰይጣን ነው የሚል ነው፤ ይህ ስሕተት ነበር። እኔ ሁለተኛውን ለመናቅ ስል ፊተኛውንም አብሬ ጣልሁት። ምክንያቱ ስላልገባኝ ነገሩ ራሱ የለም አልሁ። ስሕተቴ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 23 ቀን 1989)፥ በአሜሪካ አገር በሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ጋዜጠኞችን ሰብስበው ዓለምን ያስገረመ ነገር ተናገሩ። አንደኛው በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ማርቲን ፍላይሽማን፥ ሁለተኛውም የዩታ ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ ፖንስ ነበሩ። ነገራቸውም እንደዚህ ነው።

ፀሐይ ይህን ያህል ዘመን የምታበራው የሃይድሮጂን አቶሞች አስኳሎች በውስጧ እየተዋሐዱ ኃይል ስለሚሰጡ ነው። ይህ ውሕደት የሚሆንበት የፀሐይ እምብርት ግለቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ በምድር ላይ ይህን ለመሥራት የሚደክሙ ሊቃውንት እጅግ ትልልቅ መኪናዎች ያስፈልጓቸዋል። ሁለቱ ሰዎች ግን በጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ሠራነው አሉ። በዕቃዪቱ ውስጥ ከባድ ውሃ የተባለውን አደረጉ፤ ይህም ከተራው ሃይድሮጂን በሚከብድ ሃይድሮጂን የተሠራ ውሃ ነው። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ከ6,400 ያህል የሃይድሮጂን አቶሞች አንዱ እንዲህ ያለው ከባድ አቶም ነው። በዚህ ውሃ ውስጥ ፓላዲየም የሚባል ውድ ብረት ነከሩ። ፓላዲየም ውሃ እንደሚመጥ ሰፍነግ ሃይድሮጂንን የሚመጥ ሲሆን፥ የራሱን ይዘት 900 ጊዜ የሚያህል ጋዝ ሊይዝ ይችላል። ከዚያም ኤሌክትሪክ ለብዙ ቀናት አሳለፉበት። በኤሌክትሪኩ ከገባው ኃይል ይልቅ በሙቀት የወጣው በለጠ፤ ትርፉም በኬሚስትሪ ሊገለጥ ከሚችለው በላይ ነው፤ ስለዚህ አስኳሎቹ ተዋሕደዋል አሉ። ነገሩም ቀዝቃዛ ውሕደት ተባለ።

ይህን ወሬ በራዲዮ በሰማን ጊዜ እኔና ጓደኞቼ መምህራን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። እናቶቻችን ለማገዶ ፍለጋ ገደል ይወርዱ ነበር፤ እርሻውን ሊያለመልም የሚገባው ፍግ ኩበት ሆኖ ይነድ ነበር። ከውሃ እሳት የሚወጣ ከሆነማ ወንዝ የሌለው አገር የት አለ? እንዲህ እያልን ሌሊቱን ስንጫወት አደርን። ኋላ ሳስበው ግን አፈርሁ። የባላገር ልጅ በእጁ የነካውን አላመንሁም ነበር፤ ፕሮፌሰሮች የተናገሩትን ግን ሳልነካ ሳልመዝን አመንሁ። በሁለቱም ጊዜ የመረመርሁት ተናጋሪውን እንጂ ነገሩን አልነበረም።

አሁን የተነሣውን ክርክር እንይ። ወሬው እንደ ተሰማ በብዙ አገር ያሉ የምርምር ቤቶች ሙከራውን ለመድገም ተሽቀዳደሙ። አብዛኞቹ ምንም ትርፍ ሙቀት አላገኙም። በአሜሪካ የጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት ከውሕደቱ የሚወጡትን ኒውትሮኖች አገኘን ብለው ከተናገሩ በኋላ፥ መሣሪያቸው ኒውትሮን ሳይኖር በሙቀት ምክንያት ብቻ የሚቆጥር መሆኑን ራሳቸው ደርሰውበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቃላቸውን አነሡ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውርደት ቆጠረው። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከተሠሩት ሥራዎች ይህን የመሰለ የተከበረ አላየሁም።

የፊዚክስ ሊቃውንትም እንዲህ ሲሉ ተከራከሩ፤ ይህን ያህል ሙቀት የሚሰጥ ውሕደት በሚታወቀው መንገድ ተደርጎ ቢሆን፥ አብሮ የሚወጣው የኒውትሮን ጨረር በአጠገቡ የቆመውን ሰው ሁሉ በገደለ ነበር፤ ሰዎቹ በሕይወት መኖራቸው ራሱ ምስክር ነው። ሌሎቹም የሙቀቱን ሒሳብ መረመሩ። ይህ ሒሳብ ቀላል አይምሰላችሁ። አንድ ነጋዴ በአርብ ዕለት መቶ ብር ይዤ ወጥቼ መቶ አሥር ብር ይዤ ገባሁ ቢል፥ አተረፍሁ ከማለቱ በፊት ከትናንት ያደረ ገንዘብ በኪሱ እንደ ነበረ፥ የሰውም ብር ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ መቍጠር ይገባዋል። እንዲሁም ከውሃው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለዩት ሁለቱ ጋዞች ተመልሰው ቢዋሐዱ ሙቀት ይሰጣሉ፤ ውሃው በደንብ ካልተማሰለ ቴርሞሜትሩ የአንዱን ጥግ ሙቀት ብቻ ይናገራል። ደግሞ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ሙቀት በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ እሳቱ ከሥሩ ከተወሰደ በኋላ የመጣ ሰው ምጣዱን ቢነካ ያለ እሳት የሚግል ምጣድ አየሁ ሊል ነው።

ይሁን እንጂ የሌላውንም ወገን ቃል መስማት ይገባናል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ትርፍ ሙቀቱን በእርግጥ ለክተናል አሉ። አንድ ጊዜ ታይቶ ሌላ ጊዜ የሚጠፋው ስለ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁም፥ አንዱ ፓላዲየም እንደ ሌላው አይደለም፤ ሃይድሮጂኑ በብረቱ ውስጥ እጅግ ካልሞላ ነገሩ አይሆንም ብለው መለሱ። ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። እንጀራ አንድ ቀን ዐይን ያወጣል፥ አንድ ቀን አያወጣም፤ ስለዚህ እንጀራ ዐይን የለውም አይባልም። ነገር ግን ጋጋሪዋ ሴት ብዙ ከጋገረች በኋላ የእርሾውንና የእሳቱን ልክ ታውቃለች፤ ጎረቤቷንም ታስተምራለች፤ ጎረቤቷም ጋግራ ታሳያለች። የቀዝቃዛው ውሕደት ሰዎች ግን ብዙ ዓመት ደክመው፥ ሌላው ሰው በፈለገ ጊዜ ሠርቶ የሚያየውን መንገድ ሊያሳዩ አልቻሉም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 1989 የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ሚኒስቴር ያቆመው የሊቃውንት ጉባኤ ማስረጃው አያሳምንም ብሎ ወሰነ፤ ሆኖም በሚገባ የታቀዱ ጥቂት ሙከራዎች ቢረዱ አልተቃወመም። የዩታ መንግሥት በ5 ሚሊዮን ዶላር ያቋቋመው የቀዝቃዛ ውሕደት ተቋምም በ1991 ተዘጋ። በ1992 በካሊፎርኒያ በአንድ የምርምር ቤት እንዲህ ያለው ዕቃ ፈንድቶ አንድ ተመራማሪ ገደለ። በ2004 ያው ሚኒስቴር ነገሩን እንደ ገና ለ18 ሊቃውንት አቀረበ። እነዚህ ሰዎች፥ ትርፍ ሙቀት በእርግጥ ታይቷልን በሚለው ጥያቄ ግማሽ በግማሽ ያህል ተከፈሉ፤ ሙቀቱ ከአስኳል የመጣ ነውን በሚለው ግን አብዛኞቹ አላመኑም። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ጉግል የተባለው ኩባንያ 30 ያህል ተመራማሪዎችን በገንዘብ ረድቶ ነገሩን አስመረመረ፤ እነርሱም በ2019 ውጤታቸውን ሲገልጡ ቀዝቃዛ ውሕደት ለመኖሩ ምንም ማስረጃ አላገኘንም፤ ነገር ግን ስንፈልግ ስለ ብረቶቹና ስለ ሙቀት አለካክ ብዙ ተማርን አሉ። በ2023ም የአሜሪካ መንግሥት ነገሩ ቁርጡ እንዲለይ 10 ሚሊዮን ዶላር ለስምንት ምርምሮች መደበ። ፍላይሽማን በ2012 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የሥራውን እውነት መሆን ሲሟገት ኖረ።

የ2004ቱን ጉባኤ አስተውሉ። ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ጠየቁ። አለን? አንድ ጥያቄ ነው፤ ከምን መጣ? ሌላ ጥያቄ ነው። ፍላይሽማንና ፖንስ ትርፍ የሚመስል ሙቀት አይተናልና ምክንያቱን እንድናገኝ እርዱን ብለው ቢጀምሩ ኖሮ፥ ቢሳሳቱም እንኳ ባልተዋረዱ ነበር። እነርሱ ግን ከፊተኛው ጥያቄ ወደ ኋለኛው ዘለው፥ ሥራቸውን ሌሎች ሊቃውንት በሚገባ ሳይመረምሩት ለዓለም አወጁት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ ሆነ። እኔ ደግሞ ከኋለኛው ጥያቄ ወደ ፊተኛው ተመልሼ፥ ምክንያቱ ሐሰት ስለ ሆነ ሙቀቱም የለም አልሁ። መንገዳችን ወዲያና ወዲህ ይሁን እንጂ ጥፋታችን አንድ ነው፤ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አደረግናቸው።

ምክንያቱ ያልታወቀ ሙቀት ሁሉ ሐሰት አይደለምና። በ1903 ፒየር ኩሪና አልቤር ላቦርድ በፓሪስ ራዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ሳያቋርጥ ሙቀት እንደሚሰጥ ለኩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የራሱን ክብደት ከሚበልጥ በረዶ ሊያቀልጥ ይችላል። ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ በዚያን ጊዜ በሙሉ ሊነግር የሚችል አልነበረም። ነገር ግን ማንም ሰው ራዲየም አግኝቶ ቢለካው ያንኑ ሙቀት ያገኝ ነበርና፥ ሊቃውንት ሙቀቱን ተቀብለው ምክንያቱን ፈለጉ፤ ፍለጋውም ስለ አቶም አስኳል ወደ ማወቅ አደረሳቸው። ዛሬ እንደምናውቀው የምድር ውስጥ ሙቀት ከፊሉ የሚመጣው እንዲሁ በድንጋይ ውስጥ ያሉት ዩራኒየም፥ ቶሪየምና ፖታሲየም ቀስ በቀስ ሲፈራርሱ ነው። በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ ያለውን የዋንዛዬን ፍል ውሃ አያቶቻችን ይህን ሳያውቁ ታጥበውበታል። ምክንያቱን አለማወቃቸው ውሃውን አላቀዘቀዘውም።

እንግዲህ ለአንድ ያልተለመደ ወሬ ምን ያህል ጆሮ መስጠት ይገባል? ለሁሉም ወሬ እኩል ጊዜ እንስጥ ብንል ዕድሜያችን አይበቃም። እኔ የምይዘው ሚዛን ይህ ነው። መመርመሩ በቀለለ መጠን ሳይመረምሩ መካድ ይከፋል። የዩታን ሙቀት ለመመርመር ፓላዲየም፥ ከባድ ውሃና የብዙ ወራት ድካም ያስፈልጋል፤ ይህ የሌለው ሰው አላውቅም ብሎ ቢቀመጥ አይወቀስም። የድርቆሹን ሙቀት ለመመርመር ግን ከእጄ በቀር ምንም አላስፈለገኝም ነበር። ደግሞም ነገሩን የተናገረው ሰው የማሳየት ግዴታ አለበት። ልጁ ይህን ግዴታውን ፈጽሟል፤ መጥተው ይንኩት ብሎኛል። መጥታችሁ ንኩ የሚል ሰው ይታመን አልልም፤ ሳይነኩለት ግን አይሣቅበት።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሐዋርያው ቶማስ ታሪክ ሲነበብ እኛ ተማሪዎች በጥርጣሬው እናዝንበት ነበር። አስተማሪያችን ግን፥ ጌታ ቶማስን አላባረረውም፤ ቁስሉን እንዲነካ ጠራው እንጂ፤ ቶማስም ከጓደኞቹ ተለይቶ አልሄደም፤ መጠበቁን ቀጠለ ይሉን ነበር። ጥርጣሬ ኃጢአት የሚሆነው እጅን ለመዘርጋት እንቢ ሲል ነው ብዬ ከዚያ ተረዳሁ። የተረዳሁትን ግን በተፈለገ ጊዜ አልሠራሁበትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ተረቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰነፎች እንዳይደገፉበት እፈራለሁ። ንጋት በራሱ ይጠራል፤ እውነት ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል፤ እስኪጠራም ድረስ ሸክሙን የሚሸከም አንድ ሰው አለ። የዩታን ክርክር ዓለም ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢያቆየው የቸገረው ጥቂት ሰው ነው። የልጁን እውነት ግን እኔ ስምንት ዓመት አቆየሁት፤ እርሱም ስምንት ዓመት ቤት አቃጣይ ተብሎ ኖረ።

ምክንያቱን በመጽሐፉ ካገኘሁ በኋላ አጎቱን ሽማግሎች ባሉበት አስጠርቼ፥ ድርቆሹ ራሱ እንደ ነደደና ልጁ ንጹሕ እንደ ሆነ፥ ጥፋቱም የእኔ እንደ ነበር ተናገርሁ። ከሽማግሎቹ አንዱ፥ «እርጥብ ድርቆሽ መሞቁንማ እናውቅ ነበር፤ እስኪነድ ግን አላየንም» አሉ። የሚያውቁትን እኔ አልጠየቅኋቸው፤ እነርሱም መምህር ስለ ተናገረ ዝም ብለው ነበር። ልጁ በዚያን ጊዜ በመተማ የሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበር። ለፋሲካ በመጣ ጊዜ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ጢም አብቅሎ ነበር። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ሰይጣን ያልሁት ስለማላውቅ ነው፤ ትኩስ ነው ያልሁት ግን ነክቼው ነው» አለኝ።

ወጣቶች ሆይ፥ ማንም ሰው አንድ እንግዳ ነገር ሲነግራችሁ፥ የነካውን ከገመተው ለይታችሁ ስሙት። እናንተም ስትናገሩ እንዲሁ ለይታችሁ ተናገሩ። መንገዱ ሩብ ሰዓት ብቻ ከሆነ ደግሞ ተነሡና ሂዱ።